ቀስትና ቁስለኛ፦ ከመዲና ሜዳ እስከ ሻምበል አበበ ተሽከርካሪ ወንበር

  

በመስከረም 2008 ዓ.ም. መጨረሻ (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2015) ከመቶ በላይ ከሆኑ አገሮች የመጡ ወታደሮች ሙንግዮንግ በተባለች የደቡብ ኮሪያ ከተማ ተሰበሰቡ። መሰብሰባቸው ለጦርነት አልነበረም። ስድስተኛው የዓለም ወታደራዊ ጨዋታዎች የሚካሄዱበት ጊዜ ነበር። ከሩጫው፣ ከኳሱና ከዋናው ጋር ቀስትም ከውድድሮቹ አንዱ ነበር። መድፍና ሮኬት የታጠቁ የዘመናችን ሠራዊቶች የጥንቱን ደጋን አንስተው ኢላማ ፊት ቆሙ። ከእነሱም መካከል መቆም የማይችሉ ነበሩ። በጦርነትና በአደጋ አካላቸው የተጎዳ ወታደሮች በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጠው ቀስት ሳቡ።

“ይህ ለእኛ ለመተማ ሰዎች ምናችን ነው?” የሚል አድማጭ ይኖር ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን በታሪክ ውስጥ ስንፈልግ ግን ነገሩ ከምናስበው በላይ ቅርባችን ሆኖ እናገኘዋለን። ቀስት የአካባቢያችን የቆየ መሣሪያ ነው። ቁስለኛም የአካባቢያችን የቆየ ሐዘን ነው። ሁለቱ የተገናኙበትን ታሪክ ደግሞ ከአገራችን ልጆች በዓለም ፊት በስሙ ከታወቀው ከአንድ ወታደር ሕይወት ለይተን ልንተርከው አንችልም። የዛሬው ዝግጅታችን በዚህ ላይ ያተኩራል።

ያልተቆጠሩት

የምንኖርባት ከተማ ስሟ ከጦርነት ጋር የተያያዘ ነው። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. በዚህ ሜዳ ላይ የአፄ ዮሐንስ አራተኛ ሠራዊትና የሱዳን መህዲስቶች (እኛ ዘንድ ደርቡሽ የሚባሉት) ተፋለሙ። ንጉሠ ነገሥቱ በጥይት ተመቱ፤ በቁስላቸውም ሞቱ። ከሁለቱም ወገን በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሰው አለቀ። ከዚያ ቀደም መተማ ትልቅ ገበያ ነበረች። ከዳርፉርና ከዚያም ወዲያ ካለው የምዕራብ አገር የመጡ ተክሩሮች ሰፍረውባት፣ ቡናው፣ ሰሙ፣ ጥጡና ከብቱ ይሸጥባት ይለወጥባት ነበር። ወደ ሐጅ የሚጓዘውም መንገደኛ ያልፍባት ነበር።

ስለዚያ ጦርነት የተጻፈውን ስናነብ ማን እንደሞተ፣ ማን እንደገደለ፣ ማን እንደማረከ እናገኛለን። አንድ ነገር ግን እንፈልግና እናጣለን። እግሩን ያጣው፣ ወገቡን የተመታው፣ ዓይኑ የጠፋው ወታደር የት ገባ? ማን ተሸከመው? ማን አበላው? ሚስቱስ፣ እናቱስ እስከ ስንት ዓመት አስታመመችው? ታሪካችን ሟችንና ገዳይን ይቆጥራል፤ ቁስለኛን ግን አይቆጥርም። ቁስለኛ ከጦር ሜዳ ከወጣ በኋላ የታሪክ ሰው መሆኑ ይቀርና የቤት ሸክም ተደርጎ ይታያል።

ይህ የጥንት ነገር ብቻ ቢሆን ኖሮ ባላነሳነው ነበር። እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 2020 እስከ ኖቬምበር 2022 በሰሜኑ የአገራችን ክፍል የተካሄደው ጦርነት የብዙ ወጣቶችን አካል አጉድሏል። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ ወር 2023 በሱዳን የተቀሰቀሰው ጦርነት ደግሞ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን በዚሁ በመተማ በር በኩል ወደ አገራችን አስገብቷል። ከመካከላቸው በምርኩዝ የመጡ፣ በሰው ጀርባ ታዝለው የተሻገሩ እንደነበሩ ማንም የድንበር ነዋሪ ያውቃል። እንግዲህ ስለ ቁስለኛ መነጋገር ለእኛ ስለ ሩቅ አገር ማውራት አይደለም።

ቀስት በእኛ ወንዞች ዳር

አሁን ወደ ቀስቱ እንመለስ። ከመተማና ከቋራ ቆላ እስከ ቤኒሻንጉል ድረስ የሚኖሩት የጉሙዝ ወንድሞቻችን ቀስትን ለአደንና ራስን ለመጠበቅ ሲጠቀሙበት የኖሩ ሕዝቦች ናቸው። ከድንበሩ ማዶ ወደ ዓባይ ወንዝ ስንወርድ ደግሞ የኑብያን ምድር እናገኛለን። የጥንት ግብፃውያን ይህን አገር “የቀስት ምድር” ብለው ይጠሩት ነበር። ለሠራዊታቸውም ከዚያ ቀስተኞችን ይመለምሉ ነበር።

የእስልምና ሠራዊት ግብፅን ከከፈተ በኋላ ወደ ደቡብ ሲዘልቅ ያጋጠመው እነዚህኑ ቀስተኞች ነበር። የኑብያ ሰዎች ያን ጊዜ ክርስቲያኖች ነበሩ። ፍላጻቸው ዓይንን እየለየ ይመታ ስለነበር የዐረብ ታሪክ ጸሐፊዎች “ሩማት አል-ሐደቅ” አሏቸው፤ የዓይን ብሌን መቺዎች ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ652 ገደማ የግብፅ አስተዳዳሪ የነበረው ዐብዱላህ ኢብን ሰዕድ ኢብን አቢ ሰርሕ ዶንጎላ ድረስ ዘመተ። ጦርነቱ ብርቱ ነበር። በመጨረሻ ግን ሁለቱ ወገኖች “በቅጥ” የተባለውን ስምምነት ተዋዋሉ። በዚህም በመካከላቸው በተቀባበሉት ልውውጥ ላይ የቆመ ሰላም ሆነ። ይህ ውል አንዳንዴ እየላላ፣ አንዳንዴም እየጠበቀ ስድስት መቶ ዓመት ያህል ቆየ።

በዚያ ጦርነት ዓይናቸውን ያጡት ሙጃሂዶች ግን ለጠላታቸው “የዓይን ብሌን መቺዎች” የሚለውን ስም ትተው አለፉ፤ ከእነሱ መካከል የራሳቸው ስም የቀረው ግን ጥቂቶች ብቻ ናቸው። ቁስለኛ እንደማይቆጠር ያልነው እዚህም ላይ ይታያል።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እና የቀስተኞች ውድድር

በእስልምና ታሪክ ውስጥ ቀስት ልዩ ቦታ አለው። በሰሒሕ ሙስሊም እንደተዘገበው ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) በሚንበር ላይ ሆነው፣ የሚቻለውን ያህል ኃይል አዘጋጁ የሚለውን የሱረቱል አንፋል አንቀጽ ካነበቡ በኋላ፣ ኃይል ማለት መወርወር መሆኑን ሦስት ጊዜ ደጋግመው ተናግረዋል። ዑለማዎች ይህን በዘመኑ ቀስትን የሚመለከት አድርገው አብራርተውታል።

እዚህ ላይ ልናተኩር የምንፈልገው ግን በሌላ ዘገባ ላይ ነው። ሰለማ ኢብን አል-አክወዕ (ረ.ዐ.) እንዳስተላለፈውና ቡኻሪ እንደዘገበው፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከአስለም ጎሳ የሆኑ ሰዎች በቀስት ሲወዳደሩ አገኟቸው። አባታቸው ኢስማዒል (ዐ.ሰ.) ቀስተኛ እንደነበረ አስታውሰው አበረታቷቸው። ቀጥለውም ከአንደኛው ቡድን ጋር መሆናቸውን ተናገሩ። ይህን ጊዜ ሌላኛው ቡድን እጁን ሰብስቦ ቆመ። ምነው አትወረውሩም ሲሏቸው፣ እርስዎ ከእነሱ ጋር ሆነው እኛ እንዴት እንወረውራለን አሉ። እሳቸውም ወርውሩ፣ ከሁላችሁም ጋር ነኝ አሏቸው።

ወንድሞችና እህቶች፣ ይህን ዘገባ ልብ ብለን እናስተውለው። ውድድር አለ፤ ሁለት ቡድን አለ፤ መሸናነፍም አለ። ነገር ግን የሚወደደው መሪ ወደ አንዱ ሲያዘነብል ጨዋታው ቆመ። መሪው ከሁሉም ጋር ሲሆን ጨዋታው ቀጠለ። የዛሬዎቹ ዳኞችና የስፖርት ባለሥልጣናት ስለ ፍትሐዊ ውድድር ብዙ ሕግ ጽፈዋል። የሕጉ ሥር ግን በዚህች አጭር ዘገባ ውስጥ አለ።

ሁለተኛው ዘገባ የእኛን አገር ሰዎች ይመለከታል። በዒድ ቀን ሐበሾች በመስጂደ ነበዊ ውስጥ በጦርና በጋሻ ይጫወቱ ነበር። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ኋላ ሆና እስክትጠግብ ድረስ ተመለከተቻቸው። ዑመር (ረ.ዐ.) ጠጠር አንስቶ ሊከለክላቸው ሲል ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ተዋቸው አሉት። ስለዚህ የወታደር መሣሪያ ለጨዋታና ለደስታ ሲውል በመዲና እንግዳ ነገር አልነበረም። የሐበሻ ሰውም በዚያ ሜዳ ላይ ከተመልካችነት አልፎ ተጫዋች ነበር።

ሦስተኛው ዘገባ ለጥንቃቄ ነው። በመስጂዶቻችን ወይም በገበያዎቻችን ፍላጻ ይዞ የሚያልፍ ሰው ሌላውን እንዳያቆስል የፍላጻውን ጫፍ እንዲይዝ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አዘዋል። መሣሪያ በእጁ የያዘ ሰው ስለሌላው ሰው ቆዳ ይጠየቃል ማለት ነው። እንደ መተማ ላለ የገበያ ከተማ ከዚህ የበለጠ ምክር የት ይገኛል?

ሽባዋ እጅ

በኡሑድ ቀን ፍላጻ እንደ ዝናብ በዘነበበት ሰዓት ጠልሐ ኢብን ዑበይዲላህ (ረ.ዐ.) ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) በገዛ እጁ ከለላቸው። ያቺ እጅ ሽባ ሆና ቀረች። ከእሱ በኋላ የመጣው ትውልድ ያቺን እጅ እንዳያት ምስክርነቱን ሰጥቶ ቡኻሪ መዝግቦታል። አዩ! መዲና ቁስለኛዋን ትቆጥር ነበር። የጠልሐ እጅ የክብሩ ማስረጃ ሆና ተተረከች እንጂ አልተደበቀችም።

ዐብዱላህ ኢብን ኡሙ መክቱም (ረ.ዐ.) ዓይነ ስውር ነበር። ሱረቱ ዐበሰ የወረደችው በእሱ ምክንያት ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሙአዚን አድርገውታል፤ ከመዲና ሲወጡም በእሳቸው ቦታ ተክተውት የሄዱበት ጊዜ አለ። ምጽዋት ሰጥቶ መሸኘት ቀላል ነው። እሳቸው የሰጡት ግን ሥራና ኃላፊነት ነበር። አካል ጉዳተኛ ምን ይፈልጋል ብለን ስንጠይቅ ይህን ማስታወስ ይገባናል።

1948፦ ሁለት ልደቶች በአንድ ዓመት

አሁን ብዙ ዘመን ዘልለን ወደ ሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንምጣ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት እ.ኤ.አ. በ1945 አበቃ። አውሮፓ በፍርስራሽና በቁስለኛ ተሞላች። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በዚያው በአንድ ዓመት ውስጥ፣ ሁለት ነገሮች ተወለዱ።

የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 18 ቀን 1948 በፈረንሳይዋ ኒስ ከተማ የተመሠረተው ዓለም አቀፉ ወታደራዊ ስፖርት ምክር ቤት፣ በአጭሩ ሲዝም ነው። መሥራቾቹ ቤልጅየም፣ ዴንማርክ፣ ፈረንሳይ፣ ሉክሰምበርግና ኔዘርላንድስ ነበሩ። መፈክሩ “ወዳጅነት በስፖርት” የሚል ነው። ዓላማው የተለያዩ አገሮች ወታደሮች በጦር ሜዳ ከመገናኘት ይልቅ በስፖርት ሜዳ እንዲገናኙ ነው። ጦርነቱ ያበቃበት 50ኛ ዓመት ሲከበር፣ እ.ኤ.አ. በ1995፣ የመጀመሪያው የዓለም ወታደራዊ ጨዋታዎች በሮም ተካሄደ። ከዚያ በዛግሬብ፣ በካታንያ፣ በሃይደራባድ፣ በሪዮ ደ ጃኔሮ፣ በሙንግዮንግና እ.ኤ.አ. በ2019 በቻይናዋ ውሃን ቀጠለ። ቀስት በሙንግዮንግም በውሃንም ነበረ።

ሁለተኛው ልደት በእንግሊዝ አገር፣ አይልስበሪ በተባለች ከተማ አጠገብ ባለው በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ሆነ። ሰፋ አድርገን የምንተርከው ይህን ነው።

ሐኪሙና ደጋኑ

ሉድቪግ ጉትማን ጀርመናዊ አይሁዳዊ ሐኪም ነበር። ከናዚዎች ሸሽቶ እ.ኤ.አ. በ1939 እንግሊዝ ገባ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1944 ሕብለ ሰረሰራቸው የተጎዳ ወታደሮች የሚታከሙበትን ክፍል በስቶክ ማንደቪል እንዲመራ ተሾመ። በዚያ ዘመን ወገቡን ወይም አንገቱን ተመትቶ ሽባ የሆነ ወታደር ብዙ ጊዜ አይኖርም ተብሎ የተተወ ሰው ነበር። የሚገድሉት የመጀመሪያው ጥይት ብቻ አይደለም። ሳይገላበጥ በመተኛት የሚመጣው የአልጋ ቁስልና የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነበሩ።

ጉትማን ሕመምተኞቹ ሌሊትም ቀንም በየሁለት ሰዓቱ እንዲገላበጡ አዘዘ። ቁስሉ ደረቀ፤ ሰዎቹ መሞታቸውን አቆሙ። ያኔ ሌላ ጥያቄ መጣ። የዳነው ሰው በሕይወቱ ምን ያድርግበት? ጣራ እያየ ይኑር? ሐኪሙ ሥራና ስፖርት የሕክምናው አካል እንዲሆኑ አደረገ። ከስፖርቶቹም ለቀስት ልዩ ቦታ ሰጠ።

ምክንያቱን ማወቅ ይጠቅማል። ደጋን መሳብ የክንድን፣ የትከሻንና የጀርባን ጡንቻ ያጠነክራል። ከወገቡ በታች የማይታዘዝለት ሰው እነዚህ ጡንቻዎች እግሮቹ ናቸው፤ ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አልጋ የሚሸጋገረው በእነሱ ነው። ሳይወድቅ ቀጥ ብሎ መቀመጥንም ያስተምራል። ከሁሉም በላይ ደግሞ በቀስት ሜዳ ላይ ተቀምጦ የሚወረውረውና ቆሞ የሚወረውረው እኩል ሊወዳደሩ ይችላሉ። ኢላማው የወርዋሪውን እግር አይጠይቅም። በዛሬው ኦሊምፒክ ኢላማው 70 ሜትር ርቀት ላይ ይቆማል፤ የኢላማው ጠቅላላ ስፋት 122 ሳንቲ ሜትር ሲሆን አሥር ነጥብ የሚያስገኘው የመካከሉ ክብ ስፋት ግን 12.2 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። እዚያ ለመድረስ የሚያስፈልገው የጸና እጅ፣ የረጋ ትንፋሽና የተሰበሰበ ልብ ነው።

እ.ኤ.አ. ጁላይ 29 ቀን 1948 በለንደን የኦሊምፒክ ጨዋታዎች ተከፈቱ። በዚያው ዕለት በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ግቢ 16 የጦር ጉዳተኞች፣ 14 ወንዶችና 2 ሴቶች፣ በተሽከርካሪ ወንበር ሆነው በቀስት ተወዳደሩ። ውድድሩ በሆስፒታሉና በሪችመንድ ባለ የጦር ጉዳተኞች መኖሪያ መካከል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1952 ከኔዘርላንድስ የቀድሞ ወታደሮች መጥተው ሲጨመሩ ጨዋታው ዓለም አቀፍ ሆነ። ዛሬ ፓራሊምፒክ የምንለው ታላቅ ውድድር ሥሩ ይኸው ነው። አሥራ ስድስት ቁስለኞችና አንድ የቀስት ኢላማ!

ሻምበል አበበ ቢቂላ

ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ የክብር ዘበኛ ወታደሩ አበበ ቢቂላ በሮም ጎዳናዎች በባዶ እግሩ ሮጦ የማራቶንን ወርቅ አመጣ። ጊዜው 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ነበር። ሩጫው ያለቀው በምሽት፣ በችቦ ብርሃን ነበር። ከስምንት ቀን በኋላ፣ መስከረም 8 ቀን 1953 ዓ.ም.፣ በዚያችው በሮም ከተማ 400 ያህል አካል ጉዳተኞች ከ23 አገሮች ተሰብስበው ጨዋታቸውን ጀመሩ። ያ ጨዋታ ዛሬ የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ ተብሎ ይቆጠራል። ቀስትም ነበረበት። አበበ በሮም ድል ያደረገበት ሰሞንና አካል ጉዳተኞች በሮም የተወዳደሩበት ሰሞን እንዲህ መቀራረባቸው ያን ጊዜ ለማንም ትርጉም አልነበረውም። የነገውን የሚያውቅ አላህ ብቻ ነው።

አበበ እ.ኤ.አ. በ1964 በቶኪዮ ደገመው። የትርፍ አንጀት ቀዶ ጥገና ካደረገ ስድስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ በሆነ የዓለም ፈጣን ሰዓት አሸነፈ። በኦሊምፒክ ማራቶን ሁለት ጊዜ በተከታታይ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1968 በሜክሲኮ በጉዳት ሲያቋርጥ ወርቁን ያመጣው ሌላው የክብር ዘበኛ ልጅ ማሞ ወልዴ ነበር።

በመጋቢት 1961 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 1969) አንድ ሌሊት የአበበ ቮልስዋገን ተገለበጠች። አንገቱ ላይ ተጎዳ። መጀመሪያ ላይ ጭንቅላቱን እንኳ ማንቀሳቀስ አይችልም ነበር። ወደ እንግሊዝ አገር ተወስዶ የተኛው በዚያው ቁስለኞች ደጋን በሳቡበት በስቶክ ማንደቪል ነበር። ስምንት ወር ቆየ። ከዓለም ዙሪያ የምሕረት ደብዳቤ ጎረፈለት፤ የእንግሊዟ ንግሥትም ጠየቀችው። ክንዶቹ ተመለሱለት፤ እግሮቹ ግን ዳግመኛ አልሄዱም።

ዓለም በሁለት እግሩ ያወቀው ሰው፣ እግሩን ሲያጣ ምን ይሆናል? ብዙ ሰው ቢሆን በሩን ዘግቶ በተቀመጠ ነበር። አበበ እ.ኤ.አ. በ1970 በስቶክ ማንደቪል ጨዋታዎች በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። በማግስቱ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1971፣ በኖርዌይ በተካሄደ የአካል ጉዳተኞች ውድድር በሁለቱም ስፖርቶች ተካፈለ፤ በበረዶ ላይ በተደረገው የስሌድ ውድድር ደግሞ አሸነፈ። ድሉንም አደጋውንም ከፈጣሪ ፈቃድ ቆጥሮ እንደተቀበለ ተናግሯል። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ አረፈ።

አበበ ሙስሊም አልነበረም። ይሁን እንጂ ሙእሚን ጥበብን ከየትም ያገኛታል። በቀደር ማመን አንዱ የኢማን ማዕዘናችን አይደለምን? የደረሰብንን መከራ ከአላህ ነው ብለን እንቀበላለን። ቀደርን መቀበል ግን እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም። አንዱ በር ሲዘጋ በቀረው አካል የሚቻለውን መሥራት ነው። ይህን በሚንበር ላይ ሆነን ለመናገር ቀላል ነው። እግሩ የዓለም ሀብት የነበረ ሰው በወንበር ተቀምጦ፣ ካሜራ ፊት፣ እንደ ማንኛውም ጀማሪ ፍላጻ ሲወረውር መታየት ግን ቀላል አይደለም። ሁለት የኦሊምፒክ ወርቅ ያለው ሰው በማያውቀው ስፖርት መሸነፍን ሳይፈራ መሰለፉ ከሮሙ ድል የሚያንስ አይደለም እላለሁ።

ከእሱ በኋላ የመጡት

በቀስት ሜዳ ላይ የቁምና የወንበር ልዩነት እየጠበበ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1984 በሎስ አንጀለስ የኒውዚላንዷ ኔሮሊ ፌርሆል በተሽከርካሪ ወንበር ሆና ከቋሚዎች ጋር በኦሊምፒክ ተወዳደረች። እ.ኤ.አ. በ1992 በባርሴሎና የኦሊምፒኩን ችቦ በሚነድ ፍላጻ የለኮሰው በልጅነቱ በፖሊዮ የተጎዳው ስፔናዊው ቀስተኛ አንቶኒዮ ረቦዮ ነበር።

ከሙስሊም እህቶቻችን ደግሞ የኢራኗን ዛህራ ነዕማቲን እናንሳ። ቴኳንዶ ትሠራ ነበር፤ እንደ አበበ በመኪና አደጋ ሽባ ሆነች። ወደ ቀስት ዞረች። እ.ኤ.አ. በ2012 በለንደን ፓራሊምፒክ ወርቅ አገኘች፤ በኦሊምፒክም ሆነ በፓራሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ኢራናዊት ሴት ሆነች። እ.ኤ.አ. በ2016 በሪዮ በኦሊምፒኩም በፓራሊምፒኩም ተወዳደረች፤ በኦሊምፒኩ መክፈቻም የአገሯን ባንዲራ ይዛ ገባች። ሒጃቧም ወንበሯም አላገዳትም።

አገራችንም በዚህ መንገድ ዘግይታም ቢሆን ፍሬ አይታለች። እ.ኤ.አ. በ2012 በለንደን ወንድዬ ፍቅሬ በ1500 ሜትር የመጀመሪያውን የፓራሊምፒክ ሜዳሊያ፣ ብር፣ አመጣ። እ.ኤ.አ. በ2021 በቶኪዮ ትዕግሥት ገዛኸኝ በዚያው ርቀት የመጀመሪያውን ወርቅ አስገኘች።

ታዲያ እኛስ?

የተከበራችሁ አድማጮች፣ ታሪክ ካልሠራንበት ተረት ነው። ከዚህ ሁሉ ምን እንውሰድ?

አንደኛ፣ ቁስለኛችንን እንቁጠር። በየቀበሌያችን፣ በየጀመዓችን አካሉ የተጎዳ ማን አለ? ወታደር የነበረም ይሁን ገበሬ፣ ከዚህ ማዶም ይሁን ከገላባት በኩል የመጣ፣ ሙስሊምም ይሁን ክርስቲያን። በስሙ እንወቀው። በጓዳ የተደበቀ ልጅ ካለ እናቱን አናሳፍራት፤ እናግዛት። የአልጋ ቁስል እንዲገድለው መተው ዛሬ ምክንያት የለውም። በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ተራ የሚገቡ ጎረቤቶችን ይጠይቃል እንጂ።

ሁለተኛ፣ መስጂዶቻችንን እንመልከት። ሸሪዓችን መቆም ያቃተው ተቀምጦ፣ መቀመጥ ያቃተው በጎኑ ተጋድሞ እንዲሰግድ አግርቶለታል። አላህ ያገራለትን እኛ በደረጃ ብዛት አከበድንበት። ውዱእ ማድረጊያው ከፍ ባለ ድንጋይ ላይ ነው፤ በሩ ጠባብ ነው፤ ወንበሩ የሚያልፍበት የለም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች እንዲመቹ ደንግጓል። ያለ አዋጅም ቢሆን ለአንድ መስጂድ ግማሽ ቀን የሚሠራ የሲሚንቶ መወጣጫ ሶደቀቱል ጃሪያ ነው፤ ሰውየው ወንበሩን እየገፋ ለጁምዓ በገባ ቁጥር ምንዳው ለሠሪው ይጻፋል።

ሦስተኛ፣ ሥራ እንስጥ። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 568 አካል ጉዳተኞች በሥራ ላይ እንዳይገለሉ ይደነግጋል። ኢብን ኡሙ መክቱም አዛን ያደርግ ነበር። የእኛ ዓይነ ስውር ወይም ሽባ ወጣት ለምን ሒሳብ አይዝም? ለምን ቁርኣን አያስተምርም? በሰሊጥ ንግዱ ለምን የሚዛን ጸሐፊ አይሆንም? እጅ ከመዘርጋት የሚያድነው ይህ ነው።

አራተኛ፣ ለወጣቶቻችን የመጫወቻ ሜዳ እናዘጋጅ። በድንበር ከተማ ያደገ ልጅ ስለ መሣሪያ የሚሰማው ስለ መግደልና ስለ መሞት ብቻ ነው። ጦሩንም ጋሻውንም በዒድ ቀን ወደ ጨዋታ የቀየሩት የእኛው አገር ሰዎች ናቸውና እኛም ውድድርን ከጠብ መለየት እናስተምራቸው። የአስለም ሰዎችን እናስታውስ፤ ጨዋታው የቀጠለው ሁሉም ወገን የእኔ ነው የሚል መሪ ሲያገኝ ነበር። መተማ ከሁለት አገር ሰው የሚውልባት ከተማ ናት። የሁሉም ወገን የሆነ ሽማግሌ፣ ኢማምና ቄስ ያስፈልጋታል።

ከተማችን በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በሞተ ንጉሥ ስም ትጠራለች። የዚያን ቀን የቆሰሉትን ግን ማንም በስማቸው አይጠራቸውም፤ አሁን ልናገኛቸው አንችልም። የዛሬዎቹ ቁስለኞች ግን አጠገባችን ናቸው፤ ስማቸውን መጠየቅ ይቻላል። ከዚህ ዝግጅት በኋላ ለዙህር ስንወጣ በየመንገዳችን ያለውን አንድ በር አንኳኩተን እንጠይቅ።

ያ አላህ፣ ለታመሙት ሺፋ፣ ለተጎዱት ሰብር፣ ለአስታማሚዎች ጥንካሬ፣ ለአገራችንና ለጎረቤታችን ለሱዳን ሕዝብ ሰላም ስጥ። ኣሚን። ወላሁ አዕለም።